ምላሱ ሚዛን የነበረው ሰው

የቁራ ራስ የምንለው ሥር በጥሬው ሰው ይገድላል። ተቀቅሎ ሲበስል ግን መድኃኒት ነው፤ ጉልበቱ ብርድ የገባበት፣ ወገቡ የተቆለፈ ሽማግሌ ሁሉ እሱን አፍልቶ ይጠጣል። የኛ አገር ሰው፣ የፉ ወንዝ ዳር ገበሬ፣ የሚኖረው በሱ ነው። በገዳዩና በመድኃኒቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የስድስት ሰባት ሰዓት እሳት ብቻ ነው። እሳቱ በቃው አልበቃውም ብሎ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። በኛ ፋብሪካ ያ ሰው መምህር ፑ ዌንዳ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።

ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አራት ጎላ፣ አንድ ማድረቂያ አዳራሽ፣ ሃያ ሠራተኛ፣ ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን። የጎላዎቹ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ላንዢ እባላለሁ። ባሌ ሞቶብኝ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ወደዚያ ደጅ ስሄድ አለቃችን ኳንግ ሊመልሰኝ ነበር። «ይቺ ክብደት የምታነሳ አትመስልም» አለ። መምህር ፑ ከውስጥ ሆነው «አፏ ግን ከባድ ነው፤ እሷን ለኔ ተዋት» አሉት። ስከራከር ሰምተውኝ ኖሯል። የገባሁት በሳቸው ነው። እሳት ማንደድ፣ ሥር መንከር፣ ውሃ መቀየር፣ ሁሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ውለታ ቆጣሪ እንድባል አይደለም፤ ኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ በማን ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁት ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሥሩ ከጎላው ሲወጣ ከሁሉ ወፍራሙን ይመርጡና ለሁለት ይሰነጥቁታል። መሃሉ ነጭ ከሆነ ሳይቀምሱ ወደ እሳቱ ይመልሱታል። ነጭ ከሌለው ከመሃሉ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቆንጥረው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያደርጋሉ፤ በፊት ጥርሳቸው አኝከው እግራቸው ሥር ያለው ሳህን ውስጥ ይተፉታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ማንም አያወራም፤ እኔ እንኳ። ሥሩ ካልበሰለ ምላስ ይደነዝዛል። ፈጽሞ የማያደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ተቀቅሏል፤ ከዚያ ወዲያ ድንች ነው።

መንግሥት ያወጣው የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ ላይም ይኸው ነው የተጻፈው፦ ሲቀመስ ምላስን በጥቂቱ ያደነዝዛል። እሺ፣ ጥቂት ማለት ስንት ነው? የማን ምላስ? መምህር ፑ የራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። በጉንዳን ነበር የሚቆጥሩት። አንዲት ጉንዳን ምላስ ላይ ስትሄድ የሚሰማው ዓይነት ከሆነ ይለፍ። ሁለት ከሆነ ሌላ አንድ ሰዓት እሳት። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ሰልፍ ወጥተዋል» ይላሉ፤ ያኔ ጎላው እንደ አዲስ ይጣዳል። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ መዝገባቸውን ገልጦ አየና «ይሄ አንድ፣ አንድ ተኩል የሚለው መለኪያው ምንድን ነው?» አላቸው።

«ጉንዳን» አሉት።

«እየቀለዱ ነው?»

«ልጄ፣ መጽሐፍህ ጥቂት ይላል። እኔ ቢያንስ ቆጥሬያለሁ።»

ሰውየው መሳቅ አማረው፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ «በቁጥር መጻፍ አለበት» ብሎ ሄደ። በዓመቱ ፋብሪካው ሁሉ የመርዙን ልክ በመሣሪያ እንዲለካ ታዘዘ። ኳንግ እየተነጫነጨ መሣሪያውን ገዛ፤ ኒንግ የምትባል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅም ቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነበረች። መሣሪያዋ መልስ የሚሰጠው ባንድ ቀን ነው፣ የመምህር ፑ ምላስ በአምስት ደቂቃ። መልሳቸው ግን አንድ ነበር። ኒንግ ራሷ መዝገቧ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «1 ጉንዳን» ብላ ስትጽፍ ያዝኳትና ሁለታችንም ሳቅን።

ይህ ምላስ በነጻ የተገኘ አልነበረም። በኛ አገር ያለ ቀይ ቁንዶ ምግብ የለም። ምላስ የሚያደነዝዘው ያ ቁንዶ ከሌለበት ወጡም፣ ሥጋውም፣ ኑድሉም የበሽተኛ ምግብ ነው። መምህር ፑ ግን ቀማሽ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ቁንዶ አልነኩም። ምላስን የሚያደነዝዝ ነገር እየበላህ የምላስን መደንዘዝ እንዴት ትለካለህ? ባለቤታቸው ሱዪንግ ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለት ድስት አበሰለች፣ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለሳቸው። «ጥርስ እያለው ፍርፋሪ የሚበላ ባል ሰጠኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔ ምሳዬን ስከፍት ጠጋ ይሉና ሽታውን ብቻ ስበው «ዛሬ ቁንዶው የተራራው ነው» ይሉኛል። አፍንጫቸው ስቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልግባ።

አንድ ዓመት፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ኳንግ ልጁን ዳረና ሁላችንንም ጠራን። እኔና መምህር ፑ አንድ ገበታ ነበርን። ሱዪንግ አሟት ቀርታለች። ለሳቸው የመጣውን አልጫ አስተናጋጁ ሌላ ሰው ፊት አኖረውና መሃል ላይ ያለው ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ፣ በቀይ ቁንዶ የቀላው፣ እጃቸው አጠገብ ሆነ። ከኳንግ አጎት ጋር እያወሩ ነበር፤ ሳያዩ ዘረጉና በሉ። አንድ ጊዜ አይደለም። ሳህኑን እስኪያጋምሱ በሉ። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልቀመሰ ሰው ያን ቶፉ አንድ ጊዜ ቢጎርስ እንባው ዱብ ዱብ ይል ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ገባኝ፤ ወዲያው ነው የገባኝ። ግን ላምን አልፈለግኩም። በማግስቱ ሥር ሲቀምሱ ቆሜ አየሁ። ቆረጡ፣ አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ አኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸው ሥር ያለውን ሳህን አየሁት። ደረቅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን አሰብኩ፤ ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ለስንት ሳምንት ሳህኑ ንጹሕ ሆኖ ሳገኘው «እሰይ፣ አቀለሉልኝ» ብዬ እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል። የማላስተውል እንስሳ።

ሠራተኛው እስኪወጣ ጠበቅኩና በሩን ዘጋሁ።

«መምህር፣ አይተፉም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሥሩን። እየዋጡት ነው።»

እንደ ቀልድ «ርቦኝ ይሆናላ» አሉ።

«አይቀልዱብኝ። ትናንት ቀይ ቁንዶ የሞላበት ቶፉ ግማሽ ሳህን በልተዋል። ያውቃሉ?»

አላወቁም። ፊታቸው ላይ አየሁት። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «ጣፋጭ ነበር?» አሉኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሳቸው አይደሉም።

ነገሩ የጀመረው ካምናው ብርድ ወራት ወዲህ ነበር። መጀመሪያ ጉንዳኗ ዘግይታ ትመጣለች። ቀጥሎ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር ጀመሩ። አንድ ቀን ኒንግ ለማመሳከር ሦስት ናሙና ሰጥታቸው ሁለቱን አቀያየሩ፤ «እርጅና» ብለው አለፉት። በኋላ ምላሳቸው እንደ ጫማ ቆዳ ሆነ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዋጡት። ምላስ ካልነገረኝ ልቤ ይነግረኛል ብለው። ትንሽ ዋጥ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ልባቸው ካልተንቀሳቀሰ ሥሩ በስሏል። ልባቸው መዝለል ከጀመረ፣ ከንፈራቸው ከቀዘቀዘ፣ አልበሰለም፣ ወደ ጎላው።

«ልብ ከምላስ ይበልጣል እኮ» አሉኝ። «ምላስ ያባብላል። ልብ አይዋሽም።»

«አብደዋል እንዴ? ይሞታሉ እኮ!»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

«ለኳንግ ይንገሩትና ይውጡ። ጡረታዎ ደርሷል።»

«ወጥቼስ? ማነው የሚቀምሰው? ኳንግ ሊሾም የሚፈልገው የሚስቱን ወንድም ነው። ያ ልጅ ሲጋራ ከአፉ አይለይም። መሣሪያው አለ ትያለሽ፤ ኳንግ የመሣሪያውን መልስ ሳይጠብቅ ስንት መኪና እንደጫነ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ እንቢ ስል ብቻ ነው የሚያቆመው። እኔን ይፈራኛል፣ ወረቀት አይፈራም።»

እውነታቸውን ነበር። ሌላም እውነት ነበረ፣ እሱን አልተናገሩትም። ያ ምላስ ከሌለ መምህር ፑ ማን ናቸው? በገበያው ሲያልፉ ነጋዴው ሁሉ የሚነሳላቸው ለዚያ ምላስ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። በአዘንኩላቸው መጠን ጥበብ ቢኖረኝ ኖሮ እዚያው ለኒንግ እነግራት ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ ባይ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምቀምሰው እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። «አንቺ? ቁርስሽን ምሳሽን በቁንዶ የምትበይ?»

«እተዋለሁ።»

«ሱዪንግ እንኳ ሞክራ አልቻለችም።»

«እኔ ሱዪንግ አይደለሁም። ይማሉልኝ፣ ሁለተኛ አይዋጡም።»

ማሉልኝ። እኔም ቁንዶ ተውኩ። አምላኬ፣ እንዴት ያለ መከራ ነው። ሁለት ወር በልቼ ያልበላሁ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ሥር እየሰጡኝ አስተማሩኝ፦ ይቺ አንድ ናት፣ ይቺ አንድ ተኩል፣ ቸኩለሽ አትፍረጂ፣ ጉንዳኗ ከጫፍ ተነስታ ወደ ጎን ስትዞር ጠብቂያት። ምላሴ ቀስ በቀስ ተማረ። ሥራ ላይ ደግሞ እኔ ከጎላው ጀርባ ቀደም ብዬ እቀምስና በጣቴ አሳያቸዋለሁ። እሳቸው ለታይታ አፋቸው ውስጥ አድርገው ይተፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይፈርዳሉ። የኒንግ መሣሪያ ከኔ ጣት ጋር ሲስማማ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። ሳህኑ እንደገና እርጥብ ሆነ። ቀለማቸው ተመለሰ። ደህና ሆንን አልኩ፤ የኔ ነገር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ አላቆም አለ። ሥሩ ውሃ ጠጥቶ የሕፃን ቡጢ አከለ። በዚያው ሰሞን መብረቅ የኒንግን መሣሪያ አቃጠለውና ዕቃው ከቼንግዱ እስኪመጣ ወር ይፈጃል ተባለ። ሕጉ ሥራ ይቁም ይላል። ኳንግ «መምህር ፑ እያሉ ምን ይቆማል?» አለ። ስለዚህ ያን ወር ከፋብሪካው የሚወጣው ሥር ሁሉ፣ የስንቱ አሮጊትና ሽማግሌ ሆድ የሚገባው፣ በመምህር ፑ ምላስ አለፈ። ማለት በኔ።

አንድ ቀን ጠዋት ከሌሊት ተረኞቹ እሳቱን ልረከብ በዝናብ ስመጣ አጥንቴ ድረስ ረጥቤ ነበር። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ኑድል ታወጣለች። እንፋሎቱ አፍንጫዬን መታኝ። ሥሩ ስለወፈረ ሦስተኛው ጎላ እስከ እኩለ ቀን አይደርስም፣ መቅመስ የለብኝም፣ እስከዚያ ከምላሴ ይለቃል፤ እንዲህ ብዬ ቆጠርኩ። ተቀመጥኩና በላሁ። ቁንዶውን ራሴ ጨመርኩበት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ በሕይወቴ የለም።

ፋብሪካው ስደርስ መኪናው ቆሟል። ድልድዩ በጎርፍ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሹፌሩ ማልዶ መጥቷል። ኳንግ ጃንጥላ ይዞ ይንጎራደዳል።

«ሦስተኛውን አውጡት፤ በእርጥቡ እንጭነዋለን፤ ሰባት ሰዓት ነዷል፣ ይበቃዋል» አለ።

«ሥሩ ዘንድሮ ወፍራም ነው» አልኩት።

«ላንዢ፣ አንቺ እሳትሽን ጠብቂ። የሚፈርደው መምህር ነው።»

አወጣነው። መምህር ፑ ሰነጠቁት፣ መሃሉ ነጭ አልነበረውም። ወደኔ አዩ። ከጎላው ጀርባ ዞሬ ቆንጥሬ አኘኩ። ምላሴ ገና ከኑድሉ እየነዘረ ነበር። ጉንዳን መጣች፤ የሥሩ ትሁን የቁንዶው እንጃ። ሌላም መጣች። የቷ የማን እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መምህር፣ ቁንዶ በልቻለሁ፣ እንቆይ።» ይህን ለማለት አጠገባቸው ሄጄ በጆሯቸው ማንሾካሾክ ይበቃ ነበር። አፈርኩ። «እኔ ሱዪንግ አይደለሁም» ያልኩት ትዝ አለኝ። ሰባት ሰዓት ሁልጊዜ ይበቃል፣ ዛሬም ይበቃል አልኩ ለራሴ። አንድ ጣቴን አነሳሁ።

መምህር ፑ ቢላቸውን እንደያዙ ወደኔ መጡ። በጣም ቀረቡኝ።

«ቁርስ ምን በላሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የሩዝ ሾርባ።»

ትንሽ አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከወፍራሙ ሥር መሃል ቆረጡ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል አልነበረም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። አፋቸው ውስጥ አደረጉት። አኘኩት። ከዚያ ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

አልተፉትም። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ለምን እንደዋጡት በዚያች ቅጽበት አውቄ ነበር ወይ? አላወቅኩም ማለት እፈልጋለሁ። ግን ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርኩ፤ የማያውቅ ሰው ፊቱን አያዞርም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሠራተኛው ከሌላው ጎላ የደረቀውን ጆንያ እየጫነ ነው። ኳንግ በየጊዜው እየመጣ «መምህር፣ ይፈርሙ እንጂ፣ ሰውየው ሊሄድ ነው» ይላል።

«ትንሽ ቆይ» ይሉታል። «ዛሬ ጉንዳኗ እግሯን አሟታል፣ ቀስ እያለች ነው።»

ሠራተኛው ሳቀ። ኳንግም ሳቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። ቀና ብዬ ሳይ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። በእጃቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ይዘዋል። ኳንግ መዝገቡን ሲዘረጋላቸው እስክሪብቶውን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፣ ከጣታቸው ወደቀ።

«ወደ ጎላው» አሉ። «አራት ሰዓት ተጨማሪ። ከሦስተኛው አንዲት ፍሬ እንዳትወጣ።»

«መምህር፣ ድልድዩ...»

«ኳንግ፣ ሰልፍ ወጥተዋል አልኩህ።»

ኳንግ እየተሳደበ መኪናውን ሊያቆም ሮጠ። እኔ ለመርዙ ማርከሻ የምናኖረውን የማርና የዝንጅብል ውሃ ይዤ ተንበረከክኩ። ጥርሳቸው ተጋጥሟል፣ ውሃው በአገጫቸው ይወርዳል። ደረታቸው ላይ እጄን ሳደርግ ልባቸው እንደ ተያዘ ወፍ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ትንሽ ቆይቶ ጥርሳቸው ለቀቀ።

«የሩዝ ሾርባ እንዲህ አይሸትም» አሉኝ።

«መምህር...»

«ሌላ ጊዜ ንገሪኝ። አንድ ሰዓት ብንጠብቅ ምን ይመጣል?» ያለ ቁጣ ነው ያሉት፤ የውሃ አነካከር ሲያስተምሩኝ በነበረው ድምፃቸው።

የጫነውን ሥር አውርደን በዚያው መኪና ወሰድናቸው። ድልድዩን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተሻገርን። የወረዳው ሐኪም ቤት የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ከምሳ ሰዓት በፊት አረፉ።

ኒንግ መሣሪያዋ ሲጠገን ከዚያ ጎላ ያስቀረችውን ናሙና ለካች። ወረቀቱን ይዛ ማድረቂያው አዳራሽ ድረስ መጣች። ልኩ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። መኪናው ሄዶ ቢሆን ስንት ሰው ይሞት እንደነበር እሷም እኔም አናውቅም።

«እህት ላንዢ፣ አንቺ ከጎላው ጀርባ ትቀምሺ ነበር ይላሉ ልጆቹ። ያን ቀን ቀምሰሽ ነበር?»

«አልቀመስኩም» አልኳት።

ተቆጣጣሪ መጥቶ ቃል ሲቀበልም እንደዚያው አልኩ። ኳንግ «ሰውየው አርጅቷል፣ መትፋት ረስቶ ዋጠው» አለ፤ ለሱም ይሻለዋል። እኔም ከቃሉ ግርጌ ፈረምኩ። ከተማው ያንኑ ተቀበለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ያልበሰለ ጎላ ያላሳለፈው ሰው የገበያ መቀለጃ ሆነ። ልጅ ምራቁን ሲውጥ «እንደ ፑ እንዳትሆን፣ ትፋው» ይሉታል። እኔ ፊት ሲሉት አብሬ አልሳቅኩም፤ አፋቸውንም አልዘጋሁም። አፌ ከባድ ነው ተብሎ የተቀጠርኩ ሴት።

ባረፉ በሰባተኛው ቀን ሱዪንግ ዘንድ ሄድኩ። ፎቷቸው ፊት ጧፍ በርቷል። ሻይ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አንቺ አጠገቡ ነበርሽ» አለችኝ። «ለምን ዋጠው?»

እዚያ ቤት የገባሁት ልነግራት ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነው የመጣሁት። ዓይኖቿን ሳይ ቃሉ ሁሉ ጠፋ።

«ረስተው ይሆናል» አልኩ።

«እሱ? ያገባኝ ቀን የለበስኩትን ቀለም የማይረሳ ሰው?»

«እርጅና ነው፣ እህቴ። ሰሞኑን ብዙ ነገር ይረሱ ነበር።»

«እኔ ጋ ምንም አልረሳም ነበር» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ እኔን ለማጽናናት ብላ ነው መሰለኝ፣ «እንግዲህ የሥራ ቦታውን ከኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አልቀለለኝም። በዓመቱ ገበያ ውስጥ ሱዪንግን ከአንዲት እንግዳ ሴት ጋር ስታወራ ከኋላዋ ሰማኋት። ሴትየዋ ባሏ እንዴት እንደሞተ ጠየቀቻት። «አርጅቶ ነበር፤ መትፋት ረሳ» አለቻት፣ በገዛ አፏ፣ ምንም ሳትጠራጠር። ቅርጫቴን እንደያዝኩ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ሱዪንግ ያለፈው መኸር አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ቀን ባሏ ሥራውን ረስቶ የሞተ ሽማግሌ እንደሆነ ታምን ነበር። ያሳመንኳት እኔ ነኝ።